ከባሕር ዳር ላሊበላ በእግር፦ ጫማ፣ ልብስና ጓዝ እንዴት ይመረጥ?

ኅዳር አጋማሽ ላይ የነቢያት ጾም ሲገባ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ጥያቄ ይበዛል። «ዘንድሮ ለገና ላሊበላ በእግር ልንሄድ ነው። ምን ጫማ ልግዛ?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ቅዳሜ ገበያን ዞሮ፣ ግራ ገብቶት የመጣ ነው። አንዱ ነጋዴ ከስክስ ያዝ ብሎታል። ሌላው ስኒከር አሳይቶታል። አያቱ ደግሞ «እኛ በበረባሶ ደርሰን ተመልሰናል» ብለውታል። ማንም አልዋሸውም። ሁሉም ግን የተናገረው ስለ ራሱ እግር ነው።

መንገዱን ሁለት ጊዜ ሄጄዋለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ሦስት ቀን ሲቀረው አዲስ ቦት ጫማ ገዛሁ። ወፍራም፣ የሚያምር፣ ከአቅሜ በላይ የሆነ ቦት። ሐሙሲት ሳልደርስ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጠሩ። ወረታ ስንገባ ውሃው ፈንድቶ ካልሲዬ ቁስሉ ላይ ተጣብቆ ነበር። ደብረ ታቦር ስደርስ ከማኅበሩ ግማሽ ቀን ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ ሕመሙ አልነበረም፤ ሳልሳለም ልመለስ ነው የሚለው ፍርሃት ነው። ሌላ ሰው እዚያች ድንጋይ ላይ እንዳይቀመጥ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የፋብሪካ ስም አላነሳም። ዋጋም በቁጥር አልጽፍም፤ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ርካሽ፣ መካከለኛ፣ ውድ እያልኩ እሄዳለሁ።

## መንገዱ ምን ይጠይቃል?

ከባሕር ዳር ላሊበላ በመኪና መንገዱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ከ10 እስከ 12 ቀን ይወስድበታል። አቋራጭ የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ካለ ያጥራል። አቋራጩ ግን ኮረኮንችና ቁልቁለት ይበዛበታል።

ዓባይን ተሻግሮ በዘንዘልማና በሐሙሲት አድርጎ እስከ ወረታ ያለው በአብዛኛው ሜዳ ነው። ቀን ቀን ይሞቃል። አስፋልቱ ከእግር በታች ይግላል፣ ደግሞም ልስላሴ የለውም፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትን መልሶ ይመታል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱ ይጀምራል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ። ከዚያ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለውን የጉናን ተራራ በጎን እያዩ በክምር ድንጋይ በኩል ነፋስ መውጫ ይደረሳል። እዚያ 3,000 ሜትር አካባቢ ናችሁ። የከተማዋ ስም ራሱ ምን ልብስ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ከዚያ ጨጨሆን አልፎ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላሊበላ።

አየር ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር በአማካይ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ጣና ዳር በሹራብ የሚያመሽ ሰው ታኅሣሥ ላይ ነፋስ መውጫ ሲያድር ሌላ አገር የገባ ነው የሚመስለው። በአንድ ጉዞ የሚያቃጥል አስፋልት፣ አጥንት የሚበላ ብርድና ጣትን ከጫማው ጫፍ ጋር የሚያጋጭ ቁልቁለት አለ። ለሦስቱም እኩል የሚሆን አንድ ጫማ የለም። ምርጫውን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

## ከመግዛት በፊት መመዘኛው

እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምመዝነው።

እግር ለምዶታል ወይ? ቢያንስ ለአንድ ወር ያልተደረገ ጫማ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለረጅም ጉዞ ገና አልደረሰም። ይህን መመዘኛ ከሁሉ አስቀድማለሁ።

መንገድ ላይ ይጠገናል ወይ? ክምር ድንጋይ ላይ ሶሉ ቢገነጠል ማን ይሰፋዋል? በየከተማው ሊስትሮም ጫማ ሰፊም ይገኛል። መርፌና ክር የሚቀበል ጫማ ይዳናል። በማጣበቂያ ብቻ የተያያዘ ሶል ግን ዳግመኛ ይለቃል።

ቶሎ ይወልቃል ወይ? የእኛ ጉዞ ከሌላ የእግር ጉዞ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በየመንገዱ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ተሳላሚ ሳይሳለም አያልፍም፣ ቤተ መቅደስም በጫማ አይገባም። ላሊበላ ስትደርሱ ደግሞ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት ለመሳለም ጫማ ስታወልቁና ስታጠልቁ ነው የምትውሉት። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚታሰር ረጅም ክር ያለው ጫማ እዚያ ያስመርራል።

ቢርስ ቶሎ ይደርቃል ወይ? ክብደቱስ? የእግር ላይ ክብደት ከጀርባ ክብደት ይብሳል፤ በየእርምጃው ይነሳል፣ ይወርዳል።

ዋጋ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ገንዘብ ስለማያሳስብ አይደለም። ያልለመደ ውድ ጫማ ገዝቶ መንገድ ላይ ሌላ ከመግዛት የበለጠ ኪሳራ ስለሌለ ነው።

## ጫማዎቹን አንድ በአንድ

### ስፖርት ጫማ (ስኒከር)

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ቀላል ነው፣ ለአስፋልት የሚሆን ልስላሴ አለው፣ ቶሎ ይደርቃል። ድክመቱ ሶሉ ነው። ሲያልቅ በቁልቁለት ኮረት ላይ ያንሸራትታል። ላዩ ወንፊት ጨርቅ ከሆነ ደግሞ በነፋስ መውጫ ብርድ ጣት ያደነዝዛል።

ስትገዙ ጫማውን በእጃችሁ እጠፉት። ጣት የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ከታጠፈ ጥሩ ነው። መሐሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ተዉት፣ የውስጥ እግርን አይደግፍም። ከዚያ እጃችሁን ወደ ውስጥ አስገብታችሁ ስፌቱን ዳስሱ። ለእጅ የሚሻክር ስፌት ለእግር ቢላዋ ይሆናል።

ሰልባጅ መግዛት ነውር የለውም። ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ርካሽ ጫማ የሰልባጁ ሶል ይጠነክራል። ነገር ግን ከበስተኋላ ጠረጴዛ ላይ አቁሙትና ተረከዙን እዩ። ወደ አንድ ጎን ከተበላ የቀድሞ ባለቤቱን አረማመድ ይዟል፤ የእናንተን ጉልበት ወደዚያው ይጎትታል።

የሶሉን ድክመት የሚያስተካክል የአገር ዘዴ አለ። ጫማ ሰፊው ከስኒከሩ ሥር ስስ የጎማ ሶል ይሰፋላችኋል። ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ቁልቁለት ላይ ይይዛል። ሁለተኛውን ጉዞ የሄድኩት እንዲህ በተሰፋ የሁለት ዓመት ስኒከር ነው። አንድ ጊዜ እንኳን ውሃ አልቋጠርኩም።

### ከስክስና ቦት

ቁርጭምጭሚትን ይይዛል፣ ከእሾህና ከድንጋይ ይከላከላል፣ ይሞቃል። ሸክም የሚበዛበት ወይም ከዚህ በፊት ወለምታ የገጠመው ሰው ቢመርጠው ምክንያት አለው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም የሚሄድ ሰውም ጭቃው ገና ስላልደረቀ ቦት ቢያደርግ አልከራከረውም።

ለገና ጉዞ ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት። ከባድ ነው። በወረታ ሜዳ ላይ እግር ያልበዋል፣ ያላበው እግር ይለሰልሳል፣ የለሰለሰ ቆዳ ይላጣል። አንዴ ከራሰ በማግስቱም አይደርቅም። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መፍታትና ማሰር ሌላ ሥራ ነው። እግሩን ለማለማመድ ስኒከር አንድ ወር ከፈለገ ቦት ሁለት ይፈልጋል። ወታደር ወይም ገበሬ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ በከስክስ የሚውል ሰው ግን ምንም አይቀይር፤ እግሩ አውቆታል።

### በረባሶ

ደብረ ታቦር ላይ ያዳነኝ በረባሶ ነው። ከገበያው ጥግ አሮጌ ጎማ ከምረው የተቀመጡ አንድ አባት እግሬን አይተው፣ ምንም ሳይጠይቁኝ «ካልሲህን አውልቀህ እዚህ ላይ ቁም ልጄ» አሉኝ። የተቆረጠ ጎማ ላይ አቆሙኝና ዙሪያዬን በጠመኔ አሰመሩ። ቢላዋቸውን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ጎማውን እንደ ዳቦ ቆረጡት። ማሰሪያውን ከከመነዳሪ ቀደዱ። የኋላውን ማሰሪያ ከመምታታቸው በፊት ቁስሉን በአውራ ጣታቸው ለኩና «ይቺን ከቁስሉ በላይ አሳልፋታለሁ፣ ቁስልህ ይተንፍስ» አሉ። ሲጨርሱ በመዳፋቸው የበረባሶውን ውስጥ ደጋግመው ዳበሱት። የሚስማር ጫፍ ይፈልጉ ነበር። ያን መዳፍ አልረሳውም።

በዚያ በረባሶ ላሊበላ ደረስኩ። ስለዚህ በረባሶን የድሃ ጫማ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ካለ አልስማማም። ለመድረስ ያስችላል፣ አየር ያስገባል፣ ቢበጠስ በአምስት ደቂቃ ይጠገናል፣ ለመሳለም በአንድ እጅ ይወልቃል። ዋጋው ከሁሉም ዝቅ ይላል።

ግን እውነቱን ልናገር። ልስላሴ የለውም። አስፋልት ላይ ውሎ ያላደገ ተረከዝ ማታ እሳት ነው የሚሆነው። ለብርድ ምንም አይከላከልም። ነፋስ መውጫ ላይ ተረከዜ ተሰነጣጥቆ ደም ነበረው። ጠጠር በየጊዜው ይገባል። በልጅነቱ ለለመደው ሰው ዋና ጫማ ይሆናል። ለከተማ ልጅ ሁለተኛ ጫማ ነው መሆን ያለበት።

### ኮንጎና ሌሎች የላስቲክ ጫማዎች

ርካሽ ናቸው፣ ውሃ አይፈሩም፣ ወንዝ መሻገሪያ ላይ ጥሩ ናቸው። ለ10 ቀን ጉዞ ግን አልመክርም። ላስቲኩ አየር ስለማያስገባ እግር ውስጡ ይንሸራተታል። ጠርዙም ቁርጭምጭሚትን ይሞርዳል። ያለው እሱ ብቻ የሆነ ሰው ወፍራም ካልሲ ያድርግ፣ ጠርዙን በጨርቅ ይጠቅልል፣ በየሰዓቱ አውልቆ እግሩን ያናፍስ።

ባለ ማሰሪያ የጉዞ ሰንደል ካገኛችሁ የበረባሶና የስኒከር መሐል ነው። የተረከዝ ማሰሪያ ያለውን ብቻ ምረጡ። ነጠላ ጫማ ማታ ለማደሪያ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

### በባዶ እግር

የተሳለ ሰው አለ። ስለቱን የሚያከብረው እሱና እግዚአብሔር ናቸው፤ እኔ የምናገረው ስለ ቆዳ ብቻ ነው። ሁልጊዜ በጫማ የኖረ እግር በ300 ኪሎ ሜትር አይጠነክርም፣ ይቆስላል። ከመነሳታችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጠይቁ። ማታ ማታ እግራችሁን በሳሙና ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን በባዶ እግር አይሂድ። የስኳር ሕመም የእግርን ስሜት ስለሚቀንስ ቁስሉን ሳያውቀው ይብስበታል። ስለቱን ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ በሌላ መንገድ መፈጸም ይችላል። ከአንድ ከተማ እስከ ሌላ ከተማ ብቻ፣ ወይም የመጨረሻውን ቀን ብቻ በባዶ እግር የሚሄዱ አይቻለሁ።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| ጫማ | ሜዳና አስፋልት | ቁልቁለት | ብርድ | ጥገና | ደጃፍ ላይ ማውለቅ | ዋጋ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ስፖርት ጫማ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ፣ ጎማ ከተሰፋበት ጥሩ | መካከለኛ | ጥሩ | ቀላል | መካከለኛ |
| ከስክስ/ቦት | ይከብዳል፣ ያልባል | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | አስቸጋሪ | ውድ |
| በረባሶ | ለለመደ ብቻ | መካከለኛ | ደካማ | በጣም ቀላል | በጣም ቀላል | በጣም ርካሽ |
| ባለ ማሰሪያ ሰንደል | ጥሩ | መካከለኛ | ደካማ | መካከለኛ | በጣም ቀላል | መካከለኛ |
| ኮንጎ | ደካማ | ደካማ | ደካማ | አይጠገንም ማለት ይቻላል | ቀላል | ርካሽ |

## ልክና ካልሲ

ጫማ የሚገዛው ወደ ማታ ነው። እግር ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲሄድ ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የነበረ ጫማ ከሰዓት ይጠባል። ለጉዞ የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ገዝታችሁ ስታበቁ ወደ ቤዛዊት ዳገት ውጡና ውረዱ። ስትወርዱ ጣታችሁ ጫፉን ከነካ ያ ጫማ የጨጨሆን ቁልቁለት አይወርድላችሁም። ጥፍር የሚጠቁረው እንዲህ ነው። ጥፍራችሁን ጉዞው ጥቂት ቀን ሲቀረው ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ።

ካልሲ ላይ አትቆጥቡ። ብዙ ሰው ለጫማ ያለ የሌለውን ገንዘብ አውጥቶ ካልሲውን ከመንገድ ዳር የተገኘውን ያነሳል። ንጹሕ ጥጥ ካልሲ ላብ ይጠጣና እንደራሰ ይቀራል። ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ካልሲ ይሻላል። ሦስት ጥንድ ይበቃል። አንዱ እግር ላይ፣ አንዱ በመርፌ ቁልፍ ቦርሳው ላይ ተሰክቶ ፀሐይ እየመታው፣ ሦስተኛው ለማታ ብቻ የተቀመጠ። የማታው አይነካ። ብርድ ላይ ደረቅ ካልሲ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ያደረገው ሰው ያውቀዋል።

ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ጣቶቻችሁ መሐልና ተረከዛችሁ ላይ ቫዝሊን ቀቡ። የሆነ ቦታ «ሞቅ አለኝ» ካላችሁ ወዲያው ቁሙ። ያ ሙቀት ውሃ ከመቋጠሩ በፊት የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ነው። ፕላስተር ለጥፉበት። ከጓደኞቼ ላለመለየት ብላችሁ አትለፉት። ከቋጠረም ቆዳውን አትላጡት። ካላሳመመ ተዉት። ትልቅና የሚያም ከሆነ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ጠርዙን ብቻ ብሱ፣ ውሃው ይውጣ፣ ቆዳው እንዳለ ይሸፈን። ክር አሳልፎ የመተው ልማድ አለ፤ ክሩ ቆሻሻ ይዞ ስለሚገባ ቢቀር ይሻላል።

የደከመ እግርን ውሃ ውስጥ መንከር ያጓጓል። ጣና ዳርና ዝግ ብለው በሚሄዱ ወንዞች ግን ቢልሃርዚያ ስላለ አታድርጉት። ባረፋችሁበት ቤት የሚቀርብላችሁ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። በየመንገዱ የእግዜር እንግዳ ብለው እግር የሚያጥቡ እናቶች ዛሬም አሉ።

## ልብስ፦ ጋቢ፣ ቡሉኮ ወይስ ጃኬት?

እዚህ ላይ ክርክሩ የሌሊቱ ነው። ቀኑን በአንድ ቲሸርትና በአንድ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ መጨረስ ይቻላል። ባርኔጣ ወይም ሻሽ አይረሳ።

ጋቢ ሁለገብ ነው። ቀን ይለበሳል፣ ማታ ይከናነቡታል፣ ቤተ ክርስቲያን ይቆሙበታል። ድርብ ጥጥ ስለሆነ ይሞቃል። ጉዳቱ ጤዛ ነው። ውጭ ካደራችሁ ጠዋት ረጥቦ፣ ክብደቱ ጨምሮ ታገኙታላችሁ። ቡሉኮ ከጋቢ ይበልጥ ይሞቃል፣ ግን ዕቃ የሚይዝ መኪና ወይም አህያ ከሌላችሁ አትሞክሩት። በጀርባ አይሸከሙትም። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ከውስጥ ሹራብ ተደርጎበት ከሁሉም ይቀላል፣ ሲራመዱም አያደናቅፍም። ሌሊት ግን እግርን አይሸፍንም።

እኔ ጋቢና ቀጭን ጃኬት አብሬ እይዛለሁ። ጃኬቱ ነፋሱን ይይዝልኛል፣ ጋቢው ሙቀቱን። ጤዛውን ለመከላከል ሁለት ሜትር ላስቲክ ገዝቼ አጥፌ እይዛለሁ። ግማሹ ከሥር ይነጠፋል፣ ግማሹ ከላይ ይመለሳል። ርካሽ ነው፣ ከምንም በላይ ጠቅሞኛል። ስሊፒንግ ባግ ያለው ሰው ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን የሚለብሰው ነጠላ ወይም ጋቢ ያስፈልገዋልና ሸክሙ ሁለት ይሆናል።

ጂንስ አትልበሱ። ይከብዳል፣ ቢርስ አይደርቅም፣ ስፌቱ ጭንን ይልጣል። ቀለል ያለ ሰፊ ሱሪ ይሻላል። ሴቶች ከቀሚሱ ሥር ታይት ቢያደርጉ ጭን አይላጥም፣ ለብርዱም ይጠቅማል። ቀሚሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ይብቃ፤ መሬት የሚጠርግ ከሆነ ዳገት ላይ ይረገጣል። ሞዴስ ከቤት ያዙ፣ በገጠሩ መንገድ ሱቅ ይራራቃል። ነጩን የአገር ልብስና ነጠላውን በፌስታል ቋጥራችሁ ከቦርሳው ሥር አስቀምጡት። ላሊበላ ስትደርሱ ታጥባችሁ የምትለብሱት እሱን ነው።

## ጓዝ መያዣ

ሸክማችሁ ከሰውነት ክብደታችሁ ከአንድ አሥረኛ ባይበልጥ ጥሩ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከነውሃው 6 ኪሎ ማለት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ብቻውን አንድ ኪሎ ነው። እንግዲህ ስንት እንደሚቀራችሁ አስሉት።

የተማሪ የጀርባ ቦርሳ ለብዙ ሰው ይበቃል። ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ ካለው ትከሻ ያርፋል። ከሌለው ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ አሰፉበት። በአንድ ትከሻ የሚንጠለጠል ቦርሳ በሁለተኛው ቀን ወገብ ያዛባል። አገልግል ለስንቅ ያምራል፣ ምግብም ያቆያል፤ ግን ለሚጫን ጓዝ እንጂ ለጀርባ አይሆንም። ስልቻ በሶና ቆሎ ለመያዝ ዛሬም የሚወዳደረው የለም። አይቀደድም፣ ስንቁ ባለቀ ቁጥር ይታጠፋል። ጾም ስለሆነ ስንቁም ቀላል ነው፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ቅቤ ያልገባበት ዳቦ ቆሎ።

ለውሃ ኮዳ ወይም ሁለት ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርሙስ። የውሃ ማከሚያ ከመድኃኒት ቤት ያዙ።

ዱላ ይያዝ። ቁልቁለት ላይ ከጉልበት ሸክም ይቀንሳል። የወይራ ዱላ ጠንካራ ነው፣ ይከብዳል። ሽመል ቀላል ነው። መቋሚያ ደግሞ መንገድ ላይ ይደግፋል፣ ማኅሌት ላይም ያቆማል፤ ማኅሌት ለሚቆም ሰው ሁለት በአንድ ነው። የእጅ ባትሪ፣ መርፌና ክር፣ ፕላስተር፣ መታወቂያ። ሌላው ሁሉ ቤት ይቅር።

## ለእናንተስ የትኛው?

ገንዘብ ካጠረ፦ አዲስ ጫማ አትግዙ። ያላችሁን አሮጌ ስፖርት ጫማ ወደ ጫማ ሰፊ ውሰዱ፣ ጎማ አሰፉበት። በቀረው ገንዘብ ሦስት ጥንድ ካልሲና ላስቲክ ግዙ። ጋቢ ከቤት አይጠፋም።

መካከለኛ አቅም ካለ፦ የለመደ ስኒከር፣ ለመሳለሚያና ለማታ በረባሶ ወይም ሰንደል፣ ቀጭን የነፋስ ጃኬት። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው አደራረግ ይህ ነው። አንዱ ጫማ ቢያቆስል ሌላው ያሳርፋል፤ ሁለቱ የሚነኩት የእግር ክፍል ይለያያልና።

አቅም ካለ፦ ቀለል ያለ፣ ውሃ የማይዝ የጉዞ ጫማ ግዙ። ግን በመስከረም ግዙት እንጂ በታኅሣሥ አይሁን።

ዕድሜያቸው ለገፋና ጉልበት ለሚያማቸው፦ ልስላሴ ያለው ስኒከርና ዱላ። ቦት አይጫንባቸው። በቀን 15 ኪሎ ሜትር ይበቃቸዋል፤ ቀድመው ይነሱ፣ ወይም እስከ ጋሸና በመኪና ሄደው ከዚያ በእግር ይጀምሩ።

ለጥምቀት ጎንደር በእግር ለምትሄዱ፦ መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እንደ ነፋስ መውጫ ያለ ከፍታም የለበትም። ስኒከርና ነጠላ፣ ለሌሊቱ አንድ ጋቢ ይበቃል።

በየትኛውም አቅጣጫ ብትሄዱ ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዚያ ከመጣ ሰው ጠይቁ፣ ብቻችሁንም አትውጡ።

ጉዞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሙሉ ጓዛችሁን ተሸክማችሁ፣ ያንኑ ጫማ አድርጋችሁ ጢስ ዓባይ ድረስ ሂዱ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ልክ የአንድ ቀን መንገድ። በመኪና ተመለሱ። ዋናው ፈተና ማግስቱ ጠዋት ነው። ያንኑ ጫማ አጥልቃችሁ እስከ ገበያ ድረስ ሂዱ። ሳያማችሁ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ ጫማችሁን አግኝታችኋል። ካመማችሁ የት ጋ እንዳመማችሁ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ጫማ ሰፊው ጋ ውሰዱት፤ ገና ሁለት ሳምንት አላችሁ።